ከሳፋሪ በፊትና በኋላ በናይሮቢ ለማደር፦ የቡቲክ ሆቴል አመራረጥ ደረጃ በደረጃ

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የ2 ሰዓት ያህል በረራ ብቻ ስለሆነ፣ የዱር እንስሳት መጠበቂያውን ማሳይ ማራን ለማየት የተነሣ ሰው ጧት ከቦሌ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ አንበሳ ፊት የሚቆም ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከውጭ አገር የሚመጣው አውሮፕላን የሚያርፈው ከከተማው በስተ ምሥራቅ ባለው በጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ ወደ ማራ የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚነሡት ላንጋታ መንገድ ላይ ከሚገኘው ከዊልሰን ነው። በማራ ያሉት ማኮብኮቢያዎች መብራት ስለሌላቸው አውሮፕላኖቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ አርፈው መመለስ ይኖርባቸዋል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ናይሮቢ የሚደርስ መንገደኛ አንድ ሌሊት ከተማው ውስጥ ማደሩ አይቀርም። ሲመለስም እንዲሁ ነው፤ ከማራ ቀትር ላይ ተመልሶ ወደ አገሩ የሚወስደውን አውሮፕላን እስከ ሌሊት ሊጠብቅ ይችላል።

ናይሮቢ በኖርኩባቸው ዓመታት ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም የመጡ ዘመዶችና ወዳጆች ተቀብዬ ሸኝቻለሁ። ብዙዎቹ በሳፋሪ ካምፑ ምርጫ ላይ ወራት ፈጅተው፣ ለዚያች አንድ ሌሊት የሚሆነውን ሆቴል ግን ፎቶው ስላማራቸው ብቻ በ5 ደቂቃ ያዙት፤ በመጨረሻም ደክሟቸው የሚያወሩት ስለዚያች ሌሊት ሆነ። እዚህ የምጽፈው መመሪያ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ የሳፋሪ ማረፊያ ሆቴል የሚመረጠው ከማግሥቱ ጧት ወደ ኋላ እየቆጠሩ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ የሳፋሪውን መውጫ ይወቁ

የሆቴል ድረ ገጽ ከመክፈትዎ በፊት አስጎብኚ ድርጅትዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ከናይሮቢ የምንወጣው በየትኛው በር ነው? በስንት ሰዓትስ? የናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ የአዲስ አበባን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ባይሆንም፣ ከተማው ሰፊ ስለሆነ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ቦታ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ሩቅ ነው። ሆቴሉ ያለበት ሠፈር ከሆቴሉ ይበልጣል የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዊልሰን የሚበሩ ከሆነ ምርጫዎ ላንጋታና ካረን ይሁኑ። ሁለቱም ከከተማው በደቡብ ምዕራብ የሚገኙ፣ ግቢያቸው ሰፊ፣ ዛፋቸው ጥቅጥቅ ያለ ሠፈሮች ናቸው፤ የናይሮቢ ትንንሽ ሆቴሎች በብዛት የሚገኙትም እዚያው ነው። ላንጋታ ከካረን ይልቅ ለዊልሰን ይቀርባል። ወደ ከተማው መሀል ጠጋ ማለት የሚፈልግ ሰው ኪሊማኒን ሊመርጥ ይችላል፤ እዚያ የአበሻ ምግብ ቤት ለማግኘት ብዙ መሄድ አያስፈልግም፣ ወደ ዊልሰንም የሚያስኬድ ነው።

ወደ ማራ፣ ናይቫሻ ወይም ናኩሩ በመኪና የሚሄዱ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። አብዛኞቹ ሾፌሮች በዋያኪ ዌይ በኩል በምዕራብ ወጥተው፣ በሊሙሩ አድርገው፣ የስምጥ ሸለቆውን ገደል ወደ ማይ ማሂዩ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በናሮክ በኩል ወደ ማራ 5 እና 6 ሰዓት የሚፈጅ ጉዞ ነው። ለዚህ መንገድ ዌስትላንድስና ላቪንግተን ተመራጭ ናቸው፤ ሾፌሩም በከተማው መሀል ሳይንገላታ ይወስድዎታል። ካረን ያደረ ሰውም በደቡባዊው ቀለበት መንገድ ወደ ኪኩዩ ወጥቶ ከዚያው መንገድ ጋር ሊገናኝ ስለሚችል አይጎዳም።

አምቦሴሊና ጻቮ በሞምባሳ መንገድ የሚኬድባቸው ናቸው። የሞምባሳው ባቡርም የሚነሣው በዚያው አቅጣጫ ከሚገኘው ከሲዮኪማው ጣቢያ ነው። በዚህ በኩል እውነተኛ ቡቲክ ሆቴል፣ ማለትም ትንሽና የራሱ መልክ ያለው ሆቴል፣ እምብዛም ስለሌለ፣ ሌሊት ደርሰው ጎህ ሲቀድ ለሚነሡ ሰዎች የምመክረው ስሙን ትተው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ተራ ትልቅ ሆቴል እንዲያድሩ ነው። ለ6 ሰዓት እንቅልፍ የአትክልት ስፍራ አያስፈልግም። ወደ ሰሜን፣ ማለትም ወደ ሳምቡሩ፣ ላይኪፒያና የኬንያ ተራራ የሚሄድ መኪና ደግሞ በቲካ መንገድ ስለሚወጣ ጊጊሪ፣ ሙታይጋና ሩንዳ ይመቻሉ። ካረን አድሮ በቲካ መንገድ መውጣት ማለት ጧት በሥራ ሰዓት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የናይሮቢ የፍጥነት መንገድ ከምሎሎንጎ እስከ ዌስትላንድስ 27 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሲሆን፣ ከጆሞ ኬንያታ ወደ ዌስትላንድስ የሚደረገውን ጉዞ እጅግ አሳጥሮታል። መንገዱ የሚያስከፍል ስለሆነ ሆቴሉ መኪና ሲልክልዎ የመንገዱ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ይጠይቁ፤ ካልተካተተ ሾፌሩ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ከታች ባለው በተጨናነቀው መንገድ ሊወስድዎ ይችላል።

2. «ቡቲክ» የሚለውን ስም በክፍል ብዛት ይመዝኑ

ቡቲክ የሚለውን ቃል ማንም ባለ ሆቴል በሩ ላይ ሊሰቅለው ይችላል። ኬንያ ውስጥ ይህን ስም ይዘው የሚገኙት ቤቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ በካረንና በላንጋታ ያሉ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ ለመኖሪያነት የተሠሩ ቪላዎች ወደ ማረፊያነት የተለወጡ ናቸው፤ ሁለተኞቹ እንደ ጊጊሪና ዌስትላንድስ ባሉ ሠፈሮች በዘመናዊ ንድፍ የታነጹ፣ ቁጥራቸው ከፍ ያለ ክፍሎች ያሏቸው ሆቴሎች ናቸው። በካረን ያለው ሃውስ ኦፍ ዌይን 11 ክፍል፣ ከዚያው ሠፈር የንጎንግ ኮረብቶችን የሚያየው ሄሚንግዌይስ 45 ክፍል ሲኖራቸው፣ ጊጊሪ ያለው ትራይብ ከሁለቱም በብዙ ይበልጣል። ሁሉም በአንድ ስም ቢጠሩም የሚሰጡት አገልግሎት አንድ አይደለም።

ክፍሎቹ ከ15 በታች የሆኑበት ቤት ጸጥታ አለው፤ ስምዎን ያውቁታል፤ ማታ አልጋዎ ውስጥ ጨርቅ የለበሰ፣ ፍል ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት ያስቀምጡልዎታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቅንጦት እንዳይመስልዎ። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ሰማዩ ደመናማ፣ ሌሊቱ ብርዳም ነው፤ ጓዝ ለመቀነስ ብለው ጃኬታቸውን አዲስ አበባ ትተው የመጡ እንግዶች አይቻለሁ። የማራው የእንስሳት ፍልሰት ጎልቶ የሚታየውም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የሚመጣው በዚሁ ብርድ ወቅት ነው።

የትንሽ ቤት ድክመቱም ከትንሽነቱ ይመነጫል። ሌሊት እንግዳ የሚቀበል ሰው ላይኖር፣ በር የሚከፍተው ዘበኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወጥ ቤቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል። የራሱ መኪና አይኖረውም። ትልቁ ሆቴል እነዚህን ሁሉ ይዞ፣ እንደ ቁጥር ይቆጥርዎታል። እንግዲህ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት የሚደርስ ሰው ትንሹን ቤት ቢመርጥ ያገኝበታል፤ እኩለ ሌሊት ላይ የሚያርፍ ሰው ግን ትንሹን ቤት ከመያዙ በፊት ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች አጥብቆ መጠየቅ አለበት።

ስለ ጂራፍ ማነር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ፣ ዛሬ 12 ክፍሎች ያሉት፣ ቀጭኔዎች በቁርስ ሰዓት አንገታቸውን በመስኮት የሚያስገቡበት ላንጋታ ያለ ቤት ነው። ከብዙ ወራት በፊት ካልተያዘ አይገኝም፤ ዋጋውም ብዙውን ሰው ያስደነግጣል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ቀጭኔዎቹ የሚመጡት ጧትና ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ማታ ደርሶ ሳይነጋ ወደ ዊልሰን ለሚሮጥ ሰው የሚወጣው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። ቀጭኔ ማብላት ብቻ የሚፈልግ ሰው አጠገቡ ባለው የቀጭኔ ማእከል በትንሽ የመግቢያ ዋጋ ሊያበላ ይችላል።

3. ከመክፈልዎ በፊት ለሆቴሉ ይጻፉ

ሁለት ወይም ሦስት ሆቴሎች ከለዩ በኋላ በዋትሳፕ ወይም በኢሜይል ተመሳሳይ መልእክት ይላኩላቸው። ጥያቄዎቹን በቁጥር ይዘርዝሩ፤ የሚመጣው መልስ ከየትኛውም ግምገማ የበለጠ ይናገራል። ለ7 ጥያቄ 7 መልስ የሚሰጥ ቤት እንግዳ የሚያውቅ ቤት ነው፤ ለ7 ጥያቄ የዋጋ ዝርዝርና «እንኳን ደህና መጡ» የሚል የተዘጋጀ ጽሑፍ የሚልክ ቤት ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓትም የሚሰጥዎ መልስ እንደዚያው ነው።

የሚጠየቁትም እነዚህ ናቸው። ሌሊት በዚህ ሰዓት ስደርስ የሚቀበለኝ ማን ነው? የሚበላ ነገርስ ይቆየኛል? ጧት ከዚህ ሰዓት በፊት ስነሣ ቁርስ ትኩስ ነው ወይስ በካርቶን ታሽጎ ይሰጠኛል? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ለክፍሎቹ ይደርሳል ወይስ ለእንግዳ መቀበያው ብቻ? የሻወሩ ውሃ የሚሞቀው በፀሐይ ብቻ ነው ወይስ ለደመናማ ቀን የኤሌክትሪክ ማሞቂያም አለው? ሻንጣዬን ታስቀምጡልኛላችሁ? መኪና የምትልኩልኝ በስንት ነው?

የውሃው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ችላ አይበሉት። ጣሪያው ላይ በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ ያላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ በሐምሌ ደመና ውስጥ ግን ቀን ያሞቀውን ውሃ እንግዶች ማታ ከተጠቀሙበት ጎህ ሲቀድ የሚወጣው ቀዝቃዛ ነው፤ እርስዎ ደግሞ የሚታጠቡት ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

በጾም ወራት ወይም በረቡዕና በዓርብ የሚጓዝ ሰው ስለ ምግቡ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። «ጾመኛ ነኝ» ብሎ በእንግሊዝኛ መጻፍ ምንም ምግብ አልበላም የሚል ትርጉም ሊሰጥ ይችላል፤ «ቬጀቴሪያን» ካሉ ደግሞ እንቁላል፣ አይብና ወተት የተጨመረበት ሳህን ይቀርባል። ትክክለኛው ቃል «ቪጋን» ነው፤ ከእርሱም ቀጥሎ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ እንደማይበሉ አንድ በአንድ ይጻፉ። የታሸገው ቁርስ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የተቀቀለ እንቁላል ስላለበት፣ ይህን ያልጻፈ ጾመኛ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሙዝ ብቻ ይዞ ይቀራል።

ሰዓትን በሚመለከት ደግሞ እኛን ከሌላው መንገደኛ የሚለየን ወጥመድ አለ። ኬንያ ከኢትዮጵያ ጋር በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናት፤ በዚያ ላይ ስዋሂሊ ሰዓትን የሚቆጥረው እንደ እኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው። ጧት አንድ ሰዓት በስዋሂሊ «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ይባላል፣ ትርጉሙም አንድ ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ግን እነዚያው ሰዎች በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ። አንድ ጊዜ ለዘመዶቼ በሆቴሉ በኩል ታክሲ ሳዝ ስዋሂሊ ማወቄን ላሳይ ብዬ «ሳ ኩሚ ና ሞጃ» አልኩ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለቴ ነበር። ስልኩን ያነሣው ልጅ ገብቶት ነበር፤ መዝገቡ ላይ ግን «11» ብሎ ጻፈ፣ ጧት የተረኛው ሰው ደግሞ ቁጥሩን በፈረንጅ አነበበው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሻንጣ ይዘን በር ላይ የቆምነው እኛና ዘበኛው ብቻ ነበርን። የሆቴሉን ስም አላነሣም፤ ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ሰዓት የምጽፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ «05፡00፣ ፀሐይ ሳትወጣ» ብዬ ነው፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

4. ሻንጣውን ከሆቴሉ ጋር አብረው ያስቡት

ከዊልሰን በሚነሡት ትንንሽ አውሮፕላኖች ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ጓዝ በተለምዶ 15 ኪሎ ሲሆን፣ የእጅ ቦርሳውም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል፤ ቦርሳው ደግሞ ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ሳይሆን የሚታጠፍ የጨርቅ ቦርሳ መሆን አለበት፤ የአውሮፕላኑ የዕቃ ክፍል ጠባብና ቅርጹም ያልተስተካከለ ነውና። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቆ፣ ከዚያ ወደ ማራ የሚሄድ ሰው ግን ሁለት ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ነው የሚመጣው። በርበሬውና ሽሮው የት ይቀመጥ?

መልሱ ሆቴሉ ጋ ነው። ስለዚህም ከሳፋሪ በፊትና በኋላ በአንድ ሆቴል ማደር፣ ወይም ቢያንስ ሲመለሱ ለሰዓታት ብቅ ለማለት የሚያስችል ቦታ ያለውን ሆቴል መምረጥ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል። ሻንጣ ማስቀመጥ ነፃ መሆኑን፣ የሚቀመጠው በሚቆለፍ ክፍል ውስጥ እንጂ በኮሪደር ወይም በደረጃ ሥር አለመሆኑን፣ ቁጥር ያለው ደረሰኝ መሰጠቱን ይጠይቁ። ሲያስረክቡ ሻንጣውን ከነቁልፉ ፎቶ ያንሡት። ፓስፖርት፣ ላፕቶፕና መድኃኒት ከእርስዎ ጋር ይሂዱ።

የፌስታልን ነገር ደግሞ ላስታውስ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢቶችን ከልክላለች፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ጫማን በፌስታል መጠቅለል የለመደ ሰው ሻንጣውን ሲያዘጋጅ በጨርቅ ከረጢት ይተካው።

5. የተጻፈውን ዋጋ ወደሚከፈለው ዋጋ ይለውጡ

ትንንሾቹ የኬንያ ሆቴሎች ዋጋቸውን በዶላር የሚጽፉ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ በክፍል፣ ሌሎቹ «በሰው» ብለው ይጽፋሉ። በሰው የተጻፈ 150 ዶላር ለባልና ሚስት 300 ዶላር ነው። በዋጋው ላይ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 2 በመቶ የቱሪዝም ቀረጥ መካተቱን ያረጋግጡ፤ የአገልግሎት ክፍያ የሚጨምሩም አሉ። ሁለት ሆቴሎች ሲያወዳድሩ ሁሉን አካትቶ፣ መኪናውን ደምሮ የሚመጣውን ድምር ያወዳድሩ፤ ካረን ያለ ርካሽ ክፍል የሚመስለው ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚያመላልሰው መኪና ሲደመርበት ርካሽ ላይሆን ይችላል።

«የኢስት አፍሪካ ነዋሪ» የሚል ቅናሽ ሲያዩ አይደሰቱ። ቅናሹ በተለምዶ ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች ዜጎችና ነዋሪዎች የሚሰጥ ሲሆን ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል አይደለችም። ፓስፖርትዎን ሲያሳዩ ልዩነቱን ይጠየቃሉ።

የስረዛ ደንቡን ግን ጊዜ ወስደው ያንብቡ። ከሚያዝያ በፊትና በኋላ ባሉት የረዥሙ ዝናብ ሳምንታት ማኮብኮቢያዎች በጭቃ ሲዘጉ በረራ ይዘገያል፤ መንገድም ይቆረጣል። ገንዘብ የማይመለስበት ርካሽ ዋጋ ለመጀመሪያዋ ሌሊት ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል፤ ከሳፋሪ በኋላ ላለችው ሌሊት ግን ቀን ለመቀየር የሚያስችለውን ዋጋ ትንሽ ጨምሮ መግዛት ይሻላል። በውጭ አገር ፓስፖርት የሚጓዙና እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በቪዛ ፋንታ የተተካውን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ የሚጠይቁ ሰዎች የማደሪያ ማረጋገጫ ማያያዝ ስላለባቸው፣ ሆቴሉ ስምዎን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርጎ የጻፈበትን ደብዳቤ አስቀድመው ይቀበሉ።

6. ሲደርሱ፣ ሻንጣ ሳይፈቱ

ቁልፍ እንደተረከቡ የፍል ውሃውን ቧንቧ ከፍተው 2 ደቂቃ ይጠብቁ። ሶኬቱን ይመልከቱ፤ ኬንያ የምትጠቀመው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለውን የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆነ የእኛ ባለ ሁለት ክብ ጥርስ አይገባም፣ ሆቴሎቹም ያላቸው ማገናኛ በቁጥር ነው። ብርድ ልብስ ካነሰ ያን ጊዜ ይጠይቁ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። ካረንና ላንጋታ ሌሊት ላይ ከዛፍ የሚመጣ፣ እንደ ጩኸትም እንደ ማቃሰትም ያለ አስደንጋጭ ድምፅ ከሰሙ የዛፍ ሽኮኮ ነው፤ ጥንቸል የምታህል እንስሳ ናት፤ ለጥበቃ መደወል አያስፈልግም።

ሂሳብዎን ማታውኑ ይዝጉ። ጎህ ሲቀድ የካርድ ማሽኑ የተቆለፈበትን መሳቢያ ቁልፍ የያዘው ሰው ገና ቤቱ ነው፤ በኤምፔሳ ለመክፈል የኬንያ ሲም ካርድ የሌለው እንግዳ ደግሞ ሾፌሩን እያስጠበቀ ይቆያል።

7. የመመለሻውን ቀን ለብቻው ያቅዱ

ከሳፋሪ የሚመለስ ሰው ከሚሄደው ሰው የተለየ ነው፤ አቧራ ለብሷል፣ ደክሟል፣ የሚታጠብ ልብስ ይዟል፤ በብዙ ካምፖች የውስጥ ልብስ ስለማይታጠብም የቆሸሸው ልብስ ከገመተው በላይ ነው። ስለዚህ ለመሄጃው ቅርበትና ማለዳ ቁርስ ዋና ከሆኑ፣ ለመመለሻው ሻወር፣ ላውንደሪና ለቀኑ የሚከራይ ክፍል ዋና ይሆናሉ። ብዙ ሆቴሎች ክፍልን ለግማሽ ቀን በሙሉ ዋጋው ግማሽ ወይም ከዚያ በሚበልጥ ገንዘብ ያከራያሉ፤ በድረ ገጻቸው ላይ ግን አይጽፉትም፤ መጠየቅ የእርስዎ ፈንታ ነው። ላውንደሪ በዕለቱ የሚመለሰው እስከ ስንት ሰዓት ከተሰጠ እንደሆነ ይወቁ። በሐምሌ ከቀትር በኋላ የተሰጠ ጂንስ እርጥቡን በሻንጣ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።

የከተማውን ጉብኝት ለመመለሻው ቀን ማስቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው። የሼልድሪክ የዝሆን ግልገሎች ማሳደጊያ ለሕዝብ የሚከፈተው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ለአንድ ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ አስቀድሞ መመዝገብም ያስፈልጋል፤ ቀትር ላይ ዊልሰን የሚያርፍ ሰው አይደርስበትም። ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክም፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከለለው፣ ከከተማው ጋር የሚዋሰነው 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፍራ፣ የሚያምረው በሩ ከጧቱ 12 ሰዓት ሲከፈት ነው። እነዚህን ማየት የሚፈልግ ከሳፋሪው በፊት አንድ ተጨማሪ ሌሊት ይያዝ። ለመመለሻው ቀን የሚሆነው እስከ 11 ሰዓት ክፍት የሆነው የቀጭኔ ማእከል ወይም በሆቴሉ ግቢ ውስጥ መተኛት ነው፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

በመጨረሻም የመውጫ ሰዓትዎን በወረቀት ላይ ያስሉ። አውሮፕላንዎ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የሚነሣ ቢሆን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጆሞ ኬንያታ መድረስ ይኖርብዎታል። ከመግቢያው መንገድ ላይ ከሾፌሩ በቀር ሁሉም ተሳፋሪ ከመኪና ወርዶ በፍተሻ በእግሩ ስለሚያልፍ፣ ሰልፍ በበዛበት ምሽት ለዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይያዙ። ከካረን በደቡባዊው ቀለበት መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት ለመሄድ አንድ ሰዓት ከሩብ ያስፈልጋል ብለው ይገምቱ። ስለዚህ ከሆቴሉ የሚወጡት ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ለቀኑ የተከራዩትን ክፍል እስከ 12 ሰዓት መያዝ ይበቃል ማለት ነው። የሆቴሉ ወጥ ቤት ግን እራት የሚጀምረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ምሳ ሲያዝዙ አብረው ለ11 ሰዓት የሚደርስ ሾርባና ዳቦ ይዘዙ።